ቀለም ያልተቀባው ውሻ

የአንባብያን ጥያቄና የእንስሳት ሐኪሙ መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ ዶክተር፣ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት መሥራት ከጀመርሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። በመጪው ዓመት የማገኘውን የሁለት ሳምንት ዕረፍት በማላዊ፣ ብላንታየር ከተማ በሚካሄደው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ዘመቻ ላይ በበጎ ፈቃደኝነት ለማሳለፍ አስቤአለሁ። እናቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። በልጅነቷ የጎረቤታቸው ልጅ ፓስተር ወደሚባለው የአዲስ አበባ የክትባት ተቋም እየተመላለሰ በየቀኑ ሆዱ ላይ ሲወጋ ስላየች፣ «ለሰው አገር ውሻ ብለሽ ያንን ሁሉ መርፌ ልትቀበይ ነው?» ትለኛለች። ወንድሜ ደግሞ ነገሩ ሽርሽር ነው፣ የቲኬቱን ገንዘብ ብትልኪላቸው ይሻላል ባይ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ በሽታው በአገራችን ሰው እየገደለ ሳለ ስለምን ማላዊ እሄዳለሁ? መልስዎን በትሕትና እጠብቃለሁ።
ሀ. ገ.

መልስ፦ ከእናትዎ ልጀምር፤ በአንዱ ነገር ዘመኑ አልፏቸዋል፣ በሌላው ግን ከእርስዎም ከእኔም ይልቅ ትክክል ናቸው። ፓስተርን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ውሻ የነከሰው ሰው ሲኖር ከሁሉ ቀድሞ የሚነገረው «ፓስተር ውሰዱት» የሚለው ነው። እናትዎ ያዩት ክትባት ከእንስሳት አንጎል የሚዘጋጅና ኃይሉ ደካማ ስለነበር፣ በሆድ ዙሪያ ለብዙ ቀናት በተከታታይ መወጋት ግድ ነበር። ዛሬ በላቦራቶሪ በሴል ላይ የሚዘጋጀው ክትባት የሚሰጠው ክንድ ላይ ነው። ከጉዞ በፊት የሚወሰደውም የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባወጣው ምክር መሠረት ሁለት መርፌ ብቻ ነው፤ አንዱ በመጀመሪያው ቀን፣ ሌላው በሰባተኛው ቀን። በሚኖሩበት አገርም ቀድሞ ሦስት የነበረው በ2022 ወደ ሁለት ዝቅ ተደርጓል። አሜሪካ ውስጥ የአንዱ መርፌ ዋጋ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር በመሆኑ፣ ከኪስዎ ከመክፈልዎ በፊት ክሊኒክዎ ለሠራተኞቹ ይሸፍን እንደሆነ ይጠይቁ፤ በሙያዎ ምክንያት ቀድሞ ተከትበው ከሆነም መዝገብዎን ያስፈትሹ።

እናትዎ ትክክል የሆኑት በፍርሃታቸው ነው። ቫይረሱ በለሃጭ በኩል ቁስል ውስጥ ከገባ በኋላ የነርቭን መንገድ ተከትሎ ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰውዬው ጤነኛ ነው፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሠራል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሳይከተቡ በዚህ ሥራ ላይ እንዲሰማሩ የሚፈቅድልዎ ዘመቻ ቢያጋጥምዎ፣ ያ ብቻውን ላለመሄድ በቂ ምክንያት ነው።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው በብላንታየር፣ በተራራ ሥር ተፋፍጎ በሚገኘው የንዲራንዴ ሰፈር ሁለት ሳምንት ሠርቻለሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ የስምንት ዓመት ገደማ ልጅ ቡችላውን በማዳበሪያ ጆንያ ከትቶ፣ አንገቷን ብቻ ብቅ አድርጎ ይዟት መጣ። የልጁን ስም ለመጠየቅ ዓይኔን ከእርሷ ባነሣሁባት ቅጽበት አውራ ጣቴን ነከሰችኝ። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢያህል ነው። የቡድኑ መሪ የነበረችው ማላዊት ወጣት አንድም ቃል ሳትናገር እጄን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ የእጅ ፓምፕ ወሰደችኝ፤ አንድ ተማሪ ውሃውን እንዲስብ አዘዘች፣ ሳሙና አቀበለችኝ፣ ከዚያም ስልኳን አውጥታ 15 ደቂቃ መቁጠር ጀመረች። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ «ይበቃ ይሆናል» ብላት ስልኳን ወደ ፊቴ አዞረችልኝ። ሃያ ዓመት በሙያው የቆየሁ ሐኪም ነኝ እንዳልል አፈርሁ፤ ታጥቤ ጨረስሁ። አስቀድሜ ተከትቤ ስለነበር በዕለቱና በሦስተኛው ቀን ሁለት መርፌ ወስጄ ነገሩ አበቃ። ሳልከተብ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ከተጨማሪ መርፌዎች ሌላ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለውን፣ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋውንና በብዙ የአፍሪካ ከተሞች በገንዘብም እንኳ በቀላሉ የማይገኘውን መድኃኒት ፍለጋ ስሮጥ እሰነብት ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። ዘመቻው በ2015 ወደ ብላንታየር የመጣው በከተማዋ ማዕከላዊ ሆስፒታል በዚህ በሽታ የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር ሐኪሞቹን ስላስደነገጣቸው ነበር፤ ሚሽን ሬቢስ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ከማላዊያን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በዚያው ዓመት በ20 ቀናት ውስጥ ከ35 ሺህ በላይ ውሾች ከተበ። ቅዳሜና እሑድ ክትባቱ የሚሰጠው በትምህርት ቤት ግቢዎች ነው። ድምፅ ማጉያ የታሰረበት መኪና በየሰፈሩ እየዞረ በቺቼዋ ቋንቋ «ካቴሜራ ዋ አጋሉ» ይላል፤ የውሾች ክትባት ማለት ነው። «ቺዌዌ» የሚለውን የበሽታውን ስም ግን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሰልፍ ይያዛል፤ ውሾቹን የሚጎትቱት ባብዛኛው ልጆች ናቸው፣ ገመዱም የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ፣ የጆንያ ክር ወይም የአባት ቀበቶ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ሣጥን ከተቀመጠው ብልቃጥ አንድ ሚሊ ሊትር ተቀድቶ ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ የውሻው ዕድሜና ፆታ በስልክ ላይ ይመዘገባል፤ ባለቤቱ ካርድ ይቀበላል፤ በመጨረሻም ውሻው ግንባሩ ላይ ለከብት ምልክት የሚያገለግል ቀለም ተቀብቶ ይሄዳል። ልጆቹ ከካርዱ ይልቅ በቀለሙ ይኮራሉ።

እርስዎ በክሊኒክ ሥራዎ መርፌውን ስለለመዱት ይህ ክፍል አያስቸግርዎትም፤ እንዲያውም ከሁለተኛው ቀን በኋላ አሰልቺ ይሆንብዎታል። እኔ ቀላል የሆነውን ሥራ ዋናው አድርጌ ሄጄ ነበር። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ሰልፉ ከተበተነ በኋላ ነው። በሥራ ቀናት ቡድኑ ቤት ለቤት ይዞራል፤ ከዚያ ሁለት ሰዎች በስልካቸው ካርታ ላይ የተሰመረላቸውን መንገድ ተከትለው በእግር እየሄዱ ያገኙትን ውሻ ሁሉ ይቆጥራሉ፣ ግንባሩ ላይ ቀለም ያለውን ለብቻ፣ የሌለውን ለብቻ። ቀለም ያላቸው ከመቶ 70 ካልሞሉ ቡድኑ ወደዚያው ሰፈር ይመለሳል። ይህ 70 በመቶ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ያበደ ውሻ በሽታውን በአማካይ ከሁለት ለማይበልጡ ውሾች ነው የሚያስተላልፈው፤ ስለሆነም ሰንሰለቱን ለመበጠስ ከዚያ ያነሰም ሊበቃ ይችል ነበር። ነገር ግን የነዚህ ሰፈሮች ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፤ የተከተበው ይሞታል፣ ያልተከተበ ቡችላ ይወለዳል፣ እስከሚቀጥለው ዓመት ዘመቻ ድረስ ቁጥሩ በየወሩ ይሸረሸራል። በ70 የጀመረ ሰፈር ዓመቱ ሲሞላ በሽታውን የሚገታበት ያህል ይተርፈዋል፤ በ50 የጀመረ ግን አይተርፈውም።

አንድ ማታ እንዲህ ስንቆጥር፣ በአንድ ሥጋ ቤት ጀርባ ከአምስት ውሾች የሁለቱ ግንባር ባዶ ሆኖ አገኘነው። ጠዋት እዚያው አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ነበር፣ እኛም ሰፈሩን ጨርሰናል ብለን ተደስተን ነበር። ነገሩ ሲጣራ ወደ ሰልፍ የሚመጣው ውሻ ልጅ ሊጎትተው የሚችለው ውሻ ብቻ ነው። ትልልቆቹ፣ በሰንሰለት የሚውሉት የግቢ ጠባቂዎች፣ ባለቤታቸው ጠዋት ሥራ ወጥቶ ማታ የሚገባው፣ የሥጋ ቤቱ ውሾች፣ ሰው ቢነክሱ ክፉኛ የሚነክሱት ሁሉ ቀርተዋል። በማግሥቱ ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ሰዎቹ ሥራ ሳይሄዱ፣ በራቸውን አንኳኳን።

ወንድምዎ ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ስለሆነ እንዳይቆጧቸው። ከመርፌው አብዛኛውን የሚወጉት፣ መኪናውን የሚነዱት፣ በየበሩ የሚያስረዱት ማላዊያን ናቸው፤ የበጎ ፈቃደኛው ጥቅም ሥራው በሚበዛባቸው ሳምንታት ተጨማሪ እጅ መሆኑና ለተሳትፎው የሚከፍለው ገንዘብ ለዘመቻው መዋሉ ነው። ከቡችላ ጋር ፎቶ ለመነሣት የሚሄድ ሰው ካለ ገንዘቡን ቢልክ ይሻላል፤ በዚህ ከወንድምዎ ጋር እስማማለሁ። ማንኛውንም አዘጋጅ ሳይከፍሉ በፊት ቡድኑን የሚመራው ማን እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ከተማ ይመለሱ እንደሆነና ከክትባት በኋላ ቆጠራ ያደርጉ እንደሆነ ይጠይቁት። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ለሌላ ድርጅት አመልክቼ ሦስተኛውን ጥያቄ ስጠይቅ የላኩልኝ የመዋኛ ገንዳ ያለበት ሆቴል ፎቶግራፍ ነበር፤ ማመልከቻዬን አነሣሁ። አንድ ዓመት ተከትቦ የተተወ ከተማ ከሁለት ዓመት በኋላ እንዳልተከተበ ይቆጠራል።

የአገራችንን ነገር በተመለከተ ጥያቄዎ ልብ የሚነካ ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ ብላንታየር ይሂዱ እላለሁ። በኢትዮጵያ የውሾች ክትባት ለዓመታት ሳይቋረጥ ሲካሄድ የቆየበት የታወቀ ቦታ ባሌ ነው፤ እርሱም በዋናነት የታሰበው ለቀይ ቀበሮ ነው። በ2003 እና 2004 ከእረኞች ውሾች የተነሣው ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ይኖሩ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስት እጅ ያህሉን ፈጅቷል። በመላው ዓለም የቀሩት ከ500 የማይበልጡ በመሆናቸው፣ የአንድ እረኛ ውሻ መከተብ እዚያ ከአንድ ዝርያ ህልውና ጋር የተያያዘ ነው። በከተሞቻችን ግን እንደ ብላንታየር ያለ፣ መንገድ ለመንገድ የሚቆጠር ሥራ ገና አልተለመደም። ቆጠራውን፣ የስልኩን ካርታ፣ የቀለሙን ነገር በእጅዎ የለመዱ ሆነው አገር ቤት ቢመጡ ለመምህራንና ለተማሪዎች የሚያሳዩት ነገር ይኖርዎታል። ቋንቋውም ያለ አስተርጓሚ በእጅዎ ነው፤ ውሻ የነከሰው ሰው ቀድሞ ወደ ጠበል ወይም ወደ ባህል ሐኪም በሚሄድበት መንደር፣ እምነቱን ሳያቃልሉ «ቁስሉን ግን አስቀድመው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡት፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ይድረሱ» ብሎ በወግ የሚነግር ሰው በጣም ያስፈልጋል።

የወባ መከላከያ ኪኒን አይርሱ። ለእናትዎም የክትባት ካርድዎን ከመሄድዎ በፊት ያሳዩአቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከእስራኤል፣ ከነታንያ ነው። ከሠራዊት ከወጣሁ በኋላ እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ሕንድ፣ ጎዋ ሄጄ ሳለሁ፣ ወጣቶች ትልቅ የቢራቢሮ መረብ የሚመስል ነገር ይዘው ውሻ እያሯሯጡ ሲከትቡ አይቼ ተመልሼ ላግዛቸው ተመኘሁ። ለአባቴ ስነግረው ሳቀ፤ በልጅነቱ በነበረበት ከተማ ውሻ ሲያብድ መርዝ የተቀባ ሥጋ ይበተን ነበር፣ «በሁለት ቀን ያልቅ ነበር» አለኝ። ለምን እንደዚያ አይደረግም? የእንስሳት ሙያ ለሌለው ሰውስ ቦታ አለው?
ዳ.

መልስ፦ በሁለት ቀን ያለቀው ውሻው እንጂ በሽታው አልነበረም። የኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት በ2008 በሽታው ሲገባባት መጀመሪያ የያዘችው ውሾችን መግደል ነበር፤ በሽታው ግን ደሴቲቱን አዳረሰ፣ ፋታ የተገኘውም ከ2010 ጀምሮ ደሴቲቱን ሁሉ ያካተተ የክትባት ዘመቻ ከተካሄደ በኋላ ነው። ምክንያቱን አባትዎም ሲነግሯቸው ይቀበሉታል ብዬ አምናለሁ፤ ውሻውን የሚወድ ሰው መርዝ መበተኑን ሲሰማ ውሻውን ይደብቃል ወይም ወደ ሌላ መንደር ያሸሻል፣ በሽታውም አብሮት ይሄዳል። የሞተው ውሻ የተወው ቆሻሻ መጣያና የሥጋ ቤት ትራፊ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ያልተከተበ አዲስ ውሻ ይመጣበታል። መርዝ የተከተበውንና ያልተከተበውን አይለይም።

ጎዋ ሌላውን መንገድ ይዛ ከ2013 እስከ 2019 ዘመቻዋን እያሰፋች በዓመት ከ95 ሺህ በላይ ውሾች እስከ መከተብ ደረሰች፤ በ2018 እና በ2019 በበሽታው የሞተ ሰው አልተመዘገበም፣ ግዛቷም በ2021 በሕንድ የመጀመሪያዋ በሽታውን የተቆጣጠረች ተብላ ታውጃለች። መረብ ያስፈለገው የጎዋ ውሾች ብዙዎቹ የመንገድ በመሆናቸው፣ እንደ ማላዊ ልጅ የሚጎትታቸው ስለሌለ ነው።

ሙያ የሌለው ሰው ቦታ አለው፤ መዝጋቢ፣ ቀለም ቀቢና ቆጣሪ ሁልጊዜ ይፈለጋል፣ ክትባቱን አስቀድመው መውሰድዎ ግን ግዴታ ነው። መረቡን የሚይዙት ለዓመታት የሠሩበት የአገሩ ልጆች ናቸው፤ ውሻው ወዴት እንደሚዞር ከመዞሩ በፊት ያውቃሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ይሰጠኛል ብለው አይጠብቁ።