ትንሽ ከተማ፣ ትልቅ ቁጥር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በሥራ ዝውውር ምክንያት ከባለቤቴና ከሁለት ሴቶች ልጆቼ ጋር ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ከሚኖርባት ከተማ 40,000 ያህል ነዋሪ ወዳላት ትንሽ ከተማ ለመሄድ እየተዘጋጀን ነው። ከግርግር መራቃችንን በደስታ ነበር የተቀበልነው። ሆኖም አንድ ወዳጄ የላከልኝ የዜና ዘገባ በዚያች ከተማ የነፍስ ግድያ «በአንድ ዓመት ውስጥ በሦስት እጥፍ አደገ» ይላል፤ መጠኑም አሁን ከምንኖርባት ከተማ እንደሚበልጥ ይገልጻል። በዘገባው ግርጌ የሰፈረው ቁጥር አምና 1፣ ዘንድሮ 3 የሚል ነው። ባለቤቴ ይህን ካነበበች ወዲህ ዕቃ ማሸጉን አቁማለች። ከተማዋን የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ ሰላማዊ ናት ይላሉ። ማንን እንመን?

መልስ፦ በግርጌው ያሉትን ሁለት ቁጥሮች አብረው ስለላኩልን እናመሰግናለን፤ አብዛኛው ጠያቂ የሚልክልን ርዕሱን ብቻ ነው። የወንጀል መጠን በተለምዶ የሚነገረው ከ100,000 ነዋሪ አንጻር ስለሆነ፣ 40,000 ሰው በሚኖርባት ከተማ አንድ ሰው ሲገደል መጠኑ 2.5፣ ሦስት ሰው ሲገደል ደግሞ 7.5 ይሆናል። አሁን በሚኖሩባት የሁለት ሚሊዮን ሰው ከተማ ግን መጠኑ ከ2.5 ወደ 7.5 እንዲያድግ የሟቾቹ ቁጥር ከ50 ወደ 150 መውጣት አለበት። እዚያ መቶ ተጨማሪ ሬሳ የሚጠይቀውን ዕድገት እዚህ የሁለት ሰዎች ሞት ያመጣዋል፤ ያውም ምናልባት በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ጠብ። የሟቾቹን ቤተሰብ ሐዘን ማንም አያቃልለውም፣ ስለ ከተማዋ ጠባይ ግን ቁጥሩ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው።

እንዲህ ያለ ቁጥር በአጋጣሚ ብቻ ምን ያህል ከፍና ዝቅ እንደሚል ለማየት የዓለምን አማካይ እንዋስ። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ወደ 458,000 የሚጠጉ ሰዎች ሆን ተብሎ እንደ ተገደሉ፣ ይህም ከ100,000 ሰው 5.8 ያህል እንደሆነ አስፍሯል። የአዲሷ ከተማዎ አደጋ ልክ ይህን ያህል ነው፣ ከዓመት ዓመትም ቅንጣት አይለወጥም ብለን ብናስብ፣ በዓመት የሚጠበቀው ግድያ 2.3 ገደማ ይሆናል። ሰው ግን በክፍልፋይ አይሞትም። የዕድል ሒሳቡ ሲሠራ፣ ከአሥር ዓመት ውስጥ በአንዱ ግድም አንድም ሰው አይገደልም፣ ከአሥራ አንድ ወይም ከአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ በአንዱ ደግሞ አምስትና ከዚያ በላይ ሰው ይገደላል። በፊተኛው ዓመት ከንቲባው ይሸለማል፣ በኋለኛው የፖሊስ አዛዡ ከሥልጣን ይነሣል፤ ከተማዋ ግን ያችው ከተማ ናት።

ስለዚህ ለከተማዋ ፖሊስ ወይም ማዘጋጃ ቤት የሚያቀርቡት ጥያቄ «የዘንድሮው መጠን ስንት ነው?» መሆን የለበትም። የአምስት፣ ከተገኘም የአሥር ዓመት ቁጥር፣ ያውም በመቶኛ ሳይሆን በነጠላ ቆጠራ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ከግድያ ይልቅም ቤት ሰብሮ ስርቆትን፣ ዝርፊያንና ድብደባን ይመልከቱ፤ በየዓመቱ በብዛት የሚፈጸሙ በመሆናቸው እንደ ግድያ በአንድ ሌሊት እጥፍ አይሆኑም፣ አዝማሚያ ካለም ቀድሞ የሚታየው በእነሱ ላይ ነው።

ከተሞችን በወንጀል መጠን ከላይ ወደ ታች የሚደረድሩ ዝርዝሮችን በተመለከተ፣ የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ ራሱ የሚያወጣውን አኃዝ ለእንዲህ ያለ ድርደራ እንዳይጠቀሙበት ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። አንዱ ምክንያት አካፋዩ፣ ማለትም ወንጀሉ የሚካፈልበት የነዋሪ ቁጥር ነው። ትንሿ ከተማ ለአካባቢዋ የገበያ፣ የሕክምናና የትምህርት ማዕከል ከሆነች ቀን ቀን የሚመላለስባት ሰው ከነዋሪዋ ሊበልጥ ይችላል፤ ከመንደር የመጣው ሰው ኪሱ ሲወለቅ ስርቆቱ በከተማዋ ስም ይመዘገባል፣ ሰውየው ግን ከነዋሪ አይቆጠርም። ሌላው ምክንያት የአቆጣጠሩ ልዩነት ነው። በስዊድን አንድ ሰው በተደጋጋሚ ለደረሰበት ጥቃት እያንዳንዱ ድርጊት ለብቻው ሊመዘገብ ሲችል፣ በአሜሪካ እስከ 2021 ድረስ ሲሠራበት በቆየው የማጠቃለያ አቆጣጠር በአንድ ክስተት ከተፈጸሙት ብዙ ወንጀሎች ውስጥ በጥቅሉ የሚያዘው ከባዱ ብቻ ነበር።

አንድ ጊዜ የአንዲት ትንሽ ከተማን የፖሊስ ጣቢያ የዕለት ሁኔታ መዝገብ ለማገላበጥ ዕድል ገጥሞኝ ነበር። የስልክ ቅሚያ አቤቱታዎቹን በጣቴ እየተከተልሁ ስወርድ፣ «የተፈጸመበት ቦታ» በሚለው ረድፍ ያው ስም ይደጋገማል፤ የመናኸሪያው የኋላ መውጫ። ሰዓቱም ያው ነው፤ የመጨረሻው አውቶቡስ የሚገባበት ምሽት። መዝገቡን የያዘው መኮንን ቀና ብሎ «እዚያ ያለው አምፖል ከተቃጠለ ከርሟል» አለኝ። ከተማዋ በሙሉ የቅሚያ ከተማ ተብላ ስትወራ የነበረው በአንድ በርና በአንድ አምፖል ምክንያት ነው። ይህ የዚያች ከተማ ብቻ ገጠመኝ አይደለም፤ በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካዋ የሚኒያፖሊስ ከተማ ጥናት ለፖሊስ ከተደረጉት ጥሪዎች ግማሽ ያህሉ ከ3 በመቶ ገደማ አድራሻዎች ብቻ የመጡ መሆናቸውን አሳይቷል፣ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ንጽጽሮችም በትንንሽ ከተሞች ወንጀል ከትላልቆቹ ይበልጥ በጥቂት ጎዳናዎች ላይ እንደሚከማች አረጋግጠዋል። ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሲያስቡ እንግዲህ ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት መንገድ የትኛው እንደሆነ ማወቁ ከከተማዋ አማካይ ይልቅ ይጠቅማል። ከመወሰንዎ በፊት አንድ ቀን እዚያው አምሽተው መንገዱን በእግርዎ ይሂዱበት።

ስለ ግድያውም ማን ማንን እንደ ገደለ ይጠይቁ። በዓለም ላይ ከሚገደሉት ሰዎች ከአምስቱ አራቱ ያህል ወንዶች ናቸው፤ ሴቶችን በተመለከተ ግን፣ ከላይ የጠቀስነው ጽሕፈት ቤት በ2021 ሆን ተብሎ ከተገደሉት 81,100 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች ውስጥ ወደ 45,000 የሚሆኑት ሕይወታቸው ያለፈው በትዳር ወይም በፍቅር አጋራቸው ወይም በሌላ የቤተሰብ አባል እጅ እንደሆነ ገምቷል። በአዲሷ ከተማ የተፈጸሙት ሦስት ግድያዎች የቤት ውስጥ ጠብ ውጤት ከሆኑ፣ ለእንግዳ ቤተሰብ ጎዳናው አደገኛ ስለመሆኑ ምንም አይነግሩንም።

«ሰላማዊ ናት» የሚሉት ወዳጆችዎም ሙሉ በሙሉ ሊታመኑ አይገባም። ፖሊስ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። አሜሪካ ከ1973 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዝና ዌልስ ደግሞ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዋሪውን ቤቱ ድረስ ሄደው «ምን ደረሰብህ?» ብለው የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው፤ በአሜሪካው ጥናት መሠረት በቅርብ ዓመታት ለፖሊስ የሚነገረው ከኃይል ወንጀል ከግማሽ በታች ነው። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባት ትንሽ ከተማ ደግሞ ተበዳዩ በዳዩን፣ የበዳዩን እናት፣ አንዳንዴም ቃል የሚቀበለውን ፖሊስ ያውቃልና አፉን የሚዘጋበት ምክንያት ይበዛል። ዝቅተኛ ቁጥር የሰላም ወይም የዝምታ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ለመለየት የሚቀለው፣ ቤት ከሚያከራይዎ ሰው ይልቅ የጤና ጣቢያ ሠራተኛና የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ቢጠይቁ ነው።

ጥያቄ፦ የጎረቤቴ ቤት ባለፈው ሳምንት ተሰብሮ ተሰረቀ። የከተማችን ፖሊስ ግን ቤት ሰብሮ ስርቆት በዚህ ዓመት መቀነሱን አሳውቋል። ተረጋግቼ ልተኛ?

መልስ፦ ለጥቂት ሳምንታት አይረጋጉ። የቀነሰው የዓመቱ ድምር ነው፤ አንድ ቤት ከተሰበረ በኋላ ግን ያው ቤትና በዙሪያው ያሉት ቤቶች ለአንድና ለሁለት ወር ያህል ከወትሮው ይበልጥ ለአደጋ እንደሚጋለጡ በብዙ አገር በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። ሌባው መግቢያና መውጫውን ለምዷል፣ የጎረቤቱም በር አሠራሩ ተመሳሳይ እንደሆነ አይቷል፣ የተወሰደውም ዕቃ በአዲስ እንደሚተካ ይገምታል። ጎረቤትዎ በየት በኩል እንደ ተገባባቸው ይጠይቁና በእርስዎ ቤት ያንኑ መስኮት ወይም በር ዛሬውኑ ያጠናክሩ።