ጂሮና ቱር ሲገባደዱ ለምትከታተሉ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

የስፖርት ጋዜጠኝነትን ሥራዬ አድርጌ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። ከእናንተ ከወጣቶቹ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ጥያቄ አለ፤ የሦስት ሳምንት የብስክሌት ውድድርን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከታተል ስለማይቻል የትኛውን ክፍል መመልከት ይሻላል የሚል ነው። አብዛኞቻችሁ መልሱን ራሳችሁ ሰጥታችሁ የመጨረሻዎቹን ቀናት፣ ከእነሱም የመጨረሻዎቹን አሥር ኪሎ ሜትሮች ብቻ ትመለከታላችሁ። ምርጫችሁን አልነቅፍም፤ ልብ የሚሰቅለው ትግል በእርግጥም ያለው እዚያ ነው። ነገር ግን በእነዚያ ኪሎ ሜትሮች የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱን እንጂ ውሳኔውን አይደለም። ስለዚህ ምክሬ አሸናፊው እጁን ሲያነሣ ከማየት አልፋችሁ፣ ውድድሩ በእርግጥ የተወሰነበትን ቅጽበት ፈልጋችሁ የማግኘት ልማድ እንድታዳብሩ ነው።

ለአዲስ ተመልካች ያህል አካሄዱን ባጭሩ ላስረዳ። ቱር ደ ፍራንስም ሆነ ጂሮ ዲ ኢጣሊያ 21 ምዕራፎች፣ ማለትም የአንድ የአንድ ቀን ጉዞዎች፣ አሏቸው፤ ተወዳዳሪዎቹ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጋልባሉ፣ የየዕለቱ ሰዓት ይደመራል፣ ድምሩ ያነሰለትም በቱር ቢጫውን፣ በጂሮ ሮዙን ማሊያ ይለብሳል። በሜዳ ላይ ከሌላው ጀርባ ተጠግቶ የሚጋልብ ሰው ነፋሱን የሚሰብርለት ከፊቱ ያለው ስለሆነ ጉልበቱን በእጅጉ ይቆጥባል። ዳገቱ ሲበረታና ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን ይህ ጥቅም ይመነምናል፤ እያንዳንዱ በገዛ እግሩ ይቀራል። አዘጋጆቹ ታላላቆቹን ተራሮችና የግል ክሮኖን፣ ማለትም እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚወዳደርበትን ምዕራፍ፣ ወደ መጨረሻው ሳምንት የሚገፉበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ይህን ለማየት ከኮሌ ዴሌ ፊኔስትሬ የተሻለ ቦታ አላውቅም። በሰሜን ምዕራብ ኢጣሊያ የሚገኘው ይህ ዳገት 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በአማካይ ከዘጠኝ በመቶ በላይ እያዘነበለ ይወጣል፤ የመጨረሻው ስምንት ኪሎ ሜትር ያህልም አስፋልት ሳይሆን ጠጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የጂሮው 20ኛ ምዕራፍ በዚህ ዳገት አልፎ ሴስትሪዬሬ ላይ የሚያበቃ ነበር። ሮዙን ማሊያ የለበሰው የ21 ዓመቱ ሜክሲኳዊ ኢሳክ ዴል ቶሮ ነበር፤ የኢኳዶሩ ሪቻርድ ካራፓስ በ43 ሰከንድ፣ እንግሊዛዊው ሳይመን ዬትስ ደግሞ በ1 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ርቀት ይከተሉታል። ዳገቱ እንደተጀመረ ካራፓስ አጠቃ፤ ዴል ቶሮ ጥላው ሆኖ ተከተለው። ዬትስ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ ነገር ግን በራሱ ፍጥነት እየወጣ ደረሰባቸው፤ ከዚያም ደጋግሞ አጥቅቶ በመጨረሻ ብቻውን ሄደ።

በዚህ ጊዜ ካሜራው የሚከተለውን ዬትስን ትታችሁ ሁለቱን ተከታዮች ተመልከቱ። ካራፓስ፣ ማሊያውን የለበሰው ዴል ቶሮ ስለሆነ የማሳደዱን ሥራ እሱ ይሥራ ይላል፤ ዴል ቶሮም ካራፓስ ካልሠራ እኔ ለምን ጎትቼ አደርሰዋለሁ ይላል። እያንዳንዱ ስሌት ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ ግን ሦስተኛውን ሰው አሸናፊ ያደርጋሉ። ዬትስ ጫፉ ላይ ሲደርስ ልዩነቱ ገና ሊጠብ የሚችል ነበር። ከተራራው ማዶ ግን ጠዋት ከቀደሙት ተወዳዳሪዎች ጋር የተነጠለው የቡድን አጋሩ ዋውት ቫን አርት ይጠብቀው ነበር፤ ይህ ኃይለኛ ቤልጅጋዊ በሸለቆው ውስጥ ነፋሱን እየሰበረለት ወሰደው። የመጨረሻው ዳገት ሲጀመር ነገሩ አልቆ ነበር፤ ሁለቱ ባላንጣዎች ሴስትሪዬሬ የገቡት ከዬትስ ከአምስት ደቂቃ በላይ ዘግይተው ነው። በጠቅላላ ውጤት ዴል ቶሮ በ3 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ልዩነት ሁለተኛ ሆነ። የመጨረሻውን አሥር ኪሎ ሜትር ብቻ የተመለከተ ሰው አንድ ደካማ መሪ ሲወድቅ ያየ መስሎት ይሆናል፤ ዴል ቶሮ ግን ያን ዕለት ጉልበት አላነሰውም፤ የተሸነፈው ሊከተለው የሚገባውን ሰው በመሳቱ ነው።

የዚህ ድል ሥር ደግሞ ከሰባት ዓመት በፊት ነበር። በ2018 ዬትስ ሦስት ምዕራፎችን አሸንፎ፣ ሮዙን ማሊያ እንደለበሰ 19ኛው ምዕራፍ ላይ ደረሰ፤ በዚሁ ፊኔስትሬ ላይ ጉልበቱ ከዳውና ከ38 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ገባ። በዚያ ቀን እንግሊዛዊው ክሪስ ፍሩም 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ብቻውን ወጥቶ ጂሮውን ገለበጠው። ከኋላው የነበሩት አሳዳጆችም አልተስማሙም፤ ሆላንዳዊው ቶም ዱሙላን ለማሳደድ ሲሞክር፣ ከወጣቶቹ ለሚቀድመው በሚሰጠው ነጭ ማሊያ የሚፎካከሩት ሚጌል አንኸል ሎፔስና ሪቻርድ ካራፓስ እርስ በርስ እየተጠባበቁ ሥራውን አላገዙትም። አዎን፣ ያው ካራፓስ ነው። ዬትስ ግን የ2025ቱ መንገድ ይፋ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ይህን ዳገት በልቡ ይዞት እንደነበር ከውድድሩ በኋላ ተናግሯል። አንድን ተራራ ሁለት ጊዜ የሚያስታውስ ተመልካች ከተንታኞች ብዙዎቹን ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በግል ክሮኖ ደግሞ ባላንጣን ማየት አይቻልም፤ እያንዳንዱ ብቻውን ተነሥቶ ብቻውን ይገባል፤ ዳኛው ሰዓት ነው። ሁሉም የሚጠቅሰው የ1989ኙ ቱር ነው። ፈረንሳዊው ሎራን ፊኞ በመጨረሻው ቀን ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ለሚደረገው የ24.5 ኪሎ ሜትር ክሮኖ አሜሪካዊውን ግሬግ ሌሞንድን በ50 ሰከንድ እየመራ ተነሣ። ሌሞንድ ከሁለት ዓመት በፊት አደን ላይ ሳለ በስህተት በጥይት ተመትቶ ከሞት የተረፈ ሰው ነበር። ክርኑን የሚያሳርፍበት ወደፊት የተዘረጋ የብስክሌት መሪና ነፋስ የሚሰነጥቅ ሄልሜት ይዞ ቀረበ፤ ፊኞ ራሱን አልሸፈነም፤ ጠጉሩን ከኋላ አስሮ በተለመደው መሪ ተነሣ፤ በዚያ ላይ ኮርቻው ላይ መቀመጥ የሚያስቸግረው ቁስል ነበረበት። ሌሞንድ ከቡድኑ መኪና ሰዓት እንዳይነገረው አስቀድሞ አዝዞ ነበር። 58 ሰከንድ አተረፈ፤ ቱሩንም በ8 ሰከንድ ወሰደ፤ እስከ ዛሬ በውድድሩ ታሪክ ከዚህ ያነሰ ልዩነት የለም። ሰዎች ስለ ብስክሌቱ መሪ ብዙ ይከራከራሉ፤ ክርክሩ ተገቢ ነው፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሰዓቱን አልሰማም ማለቱ ነው። ከአቅሙ በላይ ሊሠራ እንደማይችል የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን መስማቱ ምን ይጨምርለታል?

የ2020ው ቱር ግን ለጀማሪ ተመልካች የተሻለ መማሪያ ይመስለኛል። ስሎቬኒያዊው ታዴ ፖጋቻር ወደ ላ ፕላንሽ ደ ቤል ፊዬ ተራራ ለሚወስደው የ36.2 ኪሎ ሜትር ክሮኖ ሲነሣ የአገሩ ልጅ ፕሪሞዥ ሮግሊች በ57 ሰከንድ ይመራው ነበር። የሮግሊች ቡድን ብዙ ቀናት ፔሎቶኑን፣ ማለትም አብሮ የሚጋልበውን ዋናውን የተወዳዳሪዎች ጅምላ፣ እየመራ ሁሉን ሲቆጣጠር ስለሰነበተ ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። በዚያ ቀን ሮግሊች ሄልሜቱ ተንጋዶ፣ ፊቱ ተለውጦ ዳገቱን ሲወጣ ዓለም ተመለከተ፤ ፖጋቻር 1 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ወስዶበት በ22ኛ ዓመት ልደቱ ዋዜማ ፓሪስ ላይ አሸናፊ ሆነ። የኔ ዓይን ግን ወደ 7ኛው ምዕራፍ ይመለሳል። ያን ዕለት የጎን ነፋስ ፔሎቶኑን ሲቆራርጠው ፖጋቻር ወደ ኋላ ተቆርጦ 1 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ አጥቶ ነበር። ያ ባይሆን ኖሮ በክሮኖው ዕለት የሚመራው እሱ ነበረ። ስለዚህ እውነተኛው ጥንካሬ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያሳይ ምልክት ከሁለት ሳምንት በፊት በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ብዙዎቻችን ግን በሰንጠረዡ ላይ ያለውን ድምር ብቻ አነበብን።

ሮግሊችን በዚያ ቀን ብቻ የምታውቁት ከሆነ ግን በደለኞች ናችሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ2023 ጂሮ፣ በሞንቴ ሉሳሪ በተደረገው የ20ኛው ምዕራፍ የዳገት ክሮኖ፣ ዌልሳዊውን ገራይንት ቶማስን በ26 ሰከንድ እየተከተለ ተነሣ። ቀጥ ባለው ዳገት መሐል ላይ ካቴናው ወጣበት። ወርዶ በእጁ መለሰው፤ ከመንገዱ ዳር የነበረ ሰው ገፍቶ አስነሣው፤ ቀጠለ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንዲሉ፣ ብስክሌቱን ወርውሮ አዲስ ቢጠብቅ ኖሮ ምናልባት ሁሉንም ያጣ ነበር። ምዕራፉን አሸነፈ፤ ቶማስንም በ40 ሰከንድ ቀድሞ ጂሮውን በ14 ሰከንድ ወሰደ። ያንን ምስል ደግማችሁ ስታዩ እግሩን ሳይሆን እጁን ተመልከቱ።

ስለ ፈጣኖቹ የሜዳ ተፋላሚዎች ብዙ አልልም፤ ያ ራሱን የቻለ ሌላ ትምህርት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠቁም። በ2024 ቱር ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ ሦስት ምዕራፎችን አሸንፎ የነጥብ መሪውን አረንጓዴ ማሊያ ይዞ ሳለ፣ 16ኛው ምዕራፍ ኒም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ወደቀ፤ ዋናው ተቀናቃኙ ያስፐር ፊሊፕሰንም ያን ምዕራፍ አሸነፈ። በሜዳ ምዕራፍ መዳረሻ አጠገብ የወደቀ ሰው አብሮት ከነበረው ቡድን እኩል ሰዓት ይሰጠዋል፤ ነጥብ ግን አይሰጠውም። ስለዚህ ግርማይ በማግስቱ ተነሥቶ በቀሩት ቀናት በየመንገዱ መካከል በሚሰጡት ነጥቦች እየታገለ ማሊያውን እስከ ኒስ አደረሰ። ቴሌቪዥኑ እነዚያን የመካከል ነጥቦች እምብዛም አያሳይም፤ የውጤት ዝርዝሩን ራሳችሁ ክፈቱ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ በሙያዬ ውስጥ ሳልጽፈው ብቀር ያሳፍረኛል። ይህ ስፖርት ሲያስደንቀን የኖረውን ያህል አታሎናል። ላንስ አርምስትሮንግ ከ1999 እስከ 2005 ያሸነፋቸው ሰባት ቱሮች በአበረታች መድኃኒት ምክንያት በ2012 ተሰርዘዋል፤ በነዚያ ዓመታት ያጨበጨብንላቸው የመጨረሻ ሳምንታት ከመዝገብ ወጡ። እኔ አሁንም እመለከታለሁ፤ አሁንም እደነቃለሁ። ነገር ግን በማስረጃ ያልተደገፈ ክስም ሆነ ጥያቄ የሌለበት ውዳሴ ለጋዜጠኛም ለተመልካችም አይበጅም። ቁጥሩን መዝግባችሁ ያዙ፤ ጊዜ ራሱ የሚፈትሸው ብዙ ነገር አለ።

የመጨረሻውን እሑድም አትዝለሉት። ለብዙ ዓመታት ቱር ፓሪስ ሲገባ መሪውን ማጥቃት እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር ቀኑ ከሞላ ጎደል የሰልፍ ቀን ነበር። በ2025 ግን አዘጋጆቹ ተወዳዳሪዎቹ በፓሪስ ያለውን የሞንማርትር ኮረብታ ሦስት ጊዜ እንዲወጡ አደረጉ፤ ዝናብም ስለጣለ ለጠቅላላ ውጤቱ የሚቆጠረው ሰዓት ፍጻሜው ሩቅ ሳለ ቆመ። ፖጋቻር ቢጫው ማሊያ ተረጋግጦለት ሳለ፣ ቢወድቅ ሊጎዳ እንደሚችል እያወቀ፣ በእርጥቡ ድንጋይ ንጣፍ ላይ አጠቃ። በመጨረሻው ዙር ዋውት ቫን አርት፣ ከሁለት ወር በፊት ከፊኔስትሬ ማዶ ዬትስን የጠበቀው ያው ሰው፣ ከኮረብታው ጫፍ በፊት ጥሎት ሄደና በፓሪሱ አውራ ጎዳና በሻንዝ ኤሊዜ ላይ ብቻውን ገባ።