ጥናትን ወደ ጆርናል ጽሑፍ ስለመቀየር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያለሁ። የሌሎችን ጽሑፍ ስገመግም ስለምውል የምመልሰው በአብዛኛው ከገምጋሚው ወገን ሆኜ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የማስተርስ ተሲሴ 120 ገጽ ነው። አማካሪዬ «አሳጥረሽ ለጆርናል ላኪው» አሉኝ። ከየቱ ልቀንስ?

አትቀንሺ፤ እንደ አዲስ ጻፊው። ተሲስ የሚጻፈው ለፈታኝ ነው። ትምህርቱን መጨበጥሽን ለማሳየት ያነበብሽውን ሁሉ ትዘረዝሪያለሽ። የጆርናል አንባቢ ግን አንቺን ሊፈትን አልመጣም። ምን ጠየቅሽ፣ ምን አገኘሽ፣ ለምን ልመንሽ፤ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ተሲሱን ዝጊና ግኝትሽን በባዶ ወረቀት ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስፍሪው። «ስለዚህ ጉዳይ አጥንቻለሁ» ማለት አይበቃም፤ እሱ ርዕስ ነው። «ይህ ሲደረግ ያ በዚህን ያህል ይቀንሳል» የሚል፣ ሰው ተነሥቶ ሊከራከርሽ የሚችል ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት። እሱ ካልመጣልሽ ጽሑፉ ገና ነው። ሁለት ከመጡልሽ ምናልባት ሁለት ጽሑፍ ይኖርሽ ይሆናል፤ የኅትመት ቁጥር ለማብዛት ብለሽ ግን አንዱን ጥናት አትሸንሽኚው፤ ይነቃብሻል። ዓረፍተ ነገሩን ከያዝሽ በኋላ ተሲሱን መልሰሽ ገልጠሽ ለእሱ ማስረጃ የሚሆነውን ብቻ ልቀሚ። ሊትሬቸር ሪቪው (የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ) ያልሽው ምዕራፍ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ያማል፣ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ መግቢያው ላይ ተቸክዬ ቀረሁ። ሳምንቱን ሙሉ የመጀመሪያውን አንቀጽ ስጽፍና ስሰርዝ ነው የከረምኩት።

ከመግቢያው ለምን ትጀምራለህ? መጀመሪያ ግራፎችህንና ሠንጠረዦችህን አትመህ ጠረጴዛ ላይ ደርድራቸው። ታሪኩን የሚናገሩት እነሱ ናቸው። የትኛው ቀድሞ ቢታይ የትኛውን እንደሚያስረዳ እስክታውቅ ድረስ አቀያይራቸው። ያለ እሱ ታሪኩ የማይጎድልበትን አውጣው። ከዚያ ምን እንደሠራህ ስለምታውቅ ዘዴውን ጻፍ፤ በዚያውም እጅህ ይፍታታል። ቀጥሎ ውጤቱ፣ ከዚያ ውይይቱ ይመጣል። መግቢያው የሚጻፈው ወዴት እንደምትደርስ ካወቅህ በኋላ ነው። አብስትራክት (ከላይ የሚቀመጠው አጭር ማጠቃለያ) እና ርዕስ መጨረሻ ላይ ይሠራሉ።

አንባቢም ቢሆን ከላይ ወደ ታች አያነብህም። ርዕሱን ያያል፣ አብስትራክቱን ያነባል፣ ስዕሎቹን ይገረምማል፣ ከተጠራጠረ ዘዴው ውስጥ ይገባል። እኔም ስገመግም እንደዚሁ ነኝ። ስለዚህ እያንዳንዱ ስዕል ከነመግለጫው ለብቻው ቢነበብ መረዳት መቻል አለበት።

ጥያቄ፦ በእኛ ዘርፍ (ሒሳብ) መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ውይይት የሚለውን ክፍፍል አንከተልም። ስህተት ነው?

አይደለም። ሄንሪ ኦልደንበርግ በ1665 ለንደን ላይ «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ»ን ሲጀምር ይታተም የነበረው ብዙው በደብዳቤ መልክ ነበር። አራቱ ክፍሎች በሕክምና ጆርናሎች ዘንድ ገዥ የሆኑት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የዘርፍህ ጥሩ ጽሑፎች እንዴት እንደተዋቀሩ አይተህ ያንኑ ተከተል።

ጥያቄ፦ ረዥም ጽሑፍ የበለጠ ክብደት ይሰጠዋል የሚባለው እውነት ነው?

ዋትሰንና ክሪክ ኤፕሪል 25 ቀን 1953 «ኔቸር» ላይ ያወጡት የዲኤንኤ ጽሑፍ ከአንድ ገጽ እምብዛም አያልፍም፤ ያለው ስዕልም አንድ ነው። ይህን ምሳሌ የሚጠቅሱ ሰዎች የሚዘሉት ነገር ግን አለ። በዚያው እትም ከጎኑ የዊልኪንስና ባልደረቦቹ፣ እንዲሁም የሮዛሊንድ ፍራንክሊንና የሬይመንድ ጎስሊንግ ጽሑፎች ወጥተዋል፤ የኤክስሬይ ማስረጃው ያለው እዚያ ነው። እና አጭር ጻፉ ስል ማስረጃ ተዉ ማለቴ አይደለም። ወሬው ይጠር፣ ማስረጃው ይሙላ።

ጥያቄ፦ ዘዴው ላይ ምን ያህል ልዘርዝር? ገምጋሚው «በቂ አይደለም» ብሎ መለሰብኝ።

ያንተኑ ሙያ ያለው፣ አንተን ግን የማያውቅ ሰው ያለ ስልክ ጥሪ ሊደግመው እስኪችል ድረስ። ብዙ ጊዜ የሚጎድሉት እነዚህ ናቸው፦ ዳታው የተሰበሰበበት ጊዜ፣ ተሳታፊዎቹ እንዴት እንደተመረጡ፣ ስንቱ አልሳተፍም እንዳለና ስንቱ መሀል ላይ እንዳቋረጠ፣ የናሙናው መጠን በምን ስሌት እንደተወሰነ፣ የሶፍትዌሩ ስም ከነቨርዥኑ፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱ።

በጤና ምርምር ዘርፍ ከሆንክ ደግሞ ዝርዝሩን ሌሎች ሠርተውልሃል። ሕክምናን በዕጣ መድቦ ለሚያነጻጽር ጥናት ኮንሶርት አለ። በምልከታ ላይ ለተመሠረተ ስትሮብ አለ፣ 22 ነጥብ ነው። የታተሙ ጥናቶችን በሥርዓት ሰብስቦ ለሚመዝን ጥናት (ሲስተማቲክ ሪቪው) ፕሪዝማ አለ፤ የ2020ው እትም 27 ነጥብ አለው። ሁሉም በኢኳተር ኔትወርክ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ችግሩ ሰው የሚያወርዳቸው ሰብሚት ሊያደርግ ሲል መሆኑ ነው። ስንት ሰው እንዳቋረጠ ያኔ ትዝ ቢልህ መዝገቡ ላይ የለም፤ ከየት ታመጣዋለህ? ዳታ መሰብሰብ ሳትጀምር አንብባቸው።

ጥያቄ፦ «ውጤቱ ግልጽ አይደለም» ተባልኩ። ዓረፍተ ነገሩ ይኸውና፦ «የማስታወሻ መልእክት በቀጠሮ ማክበር ላይ ከፍተኛ አዎንታዊ ተጽዕኖ እንዳለው በጥናቱ ተረጋግጧል (ፒ<0.001)።» ምኑ ነው የማይገባው?

ስላመጣሽው አመሰግናለሁ፤ እንዲህ በእጅ የሚያዝ ነገር ሲሆን ለመነጋገርም ይመቻል። «ከፍተኛ» ስንት ነው? ከማን ጋር ተነጻጽሮ? ከስንት ሰው? «ተረጋግጧል» ደግሞ አንድ ጥናት የማይችለውን ሸክም ነው ያሸከምሽው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኔ ልፍጠርና እንዲህ ብትዪውስ፦

«መልእክት ከደረሳቸው 212 ታካሚዎች 148ቱ (70 በመቶ)፣ ካልደረሳቸው 208 ታካሚዎች ደግሞ 104ቱ (50 በመቶ) በቀጠሯቸው ቀን መጥተዋል። ልዩነቱ 20 የመቶኛ ነጥብ ነው (95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል፦ ከ11 እስከ 29)።»

ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከዳታው ጋር የሚስማማውን የልዩነት ክልል ያሳያል። አሁን አንባቢው ራሱ መፍረድ ይችላል። 20 ነጥብ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ፣ ልዩነቱ እስከ 11 ቢወርድ እንኳ ድካሙን ያዋጣል ወይ ብሎ ያስባል። «ከፍተኛ» የሚለው ቅጽል ሳያስፈልግ ቀረ። ፒ ቫልዩውን (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉን) መጨመር ትችያለሽ፤ ብቻውን ግን ምንም አይነግረንም።

ጥያቄ፦ የእኔ ፒ ቫልዩ 0.06 ወጣ። «ወደ ሲግኒፊካንት የተጠጋ» ብዬ ልጽፍ ወይስ ጥቂት ተሳታፊ ልጨምር?

ሁለቱንም እንዳታደርገው። ውጤቱን እያዩ ፒ ቫልዩው ከተለመደው ወሰን ከ0.05 በታች እስኪወርድ ድረስ ሰው መጨመር፣ አስቀድሞ በዕቅድ ካልተያዘና ስሌቱ ካልተስተካከለ በስተቀር፣ በአጋጣሚ የመጣን ነገር ግኝት ያስመስላል። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር በ2016 ባወጣው መግለጫ ፒ ቫልዩ የውጤትን መጠንም ሆነ አስፈላጊነት እንደማይለካ፣ ሳይንሳዊ ድምዳሜም አንድን ወሰን በማለፍ ባለማለፉ ብቻ መመሥረት እንደሌለበት ተናግሯል። ያገኘኸውን ልዩነት ከነኢንተርቫሉ አስቀምጠው። ኢንተርቫሉ ሰፊ ከሆነ «ዳታችን ጠቃሚ ልዩነት መኖሩንም አለመኖሩንም ለመለየት አልበቃም» በል። ይህ ሐቀኛ ውጤት ነው፤ የሚያትመው ጆርናልም አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ስለ ሠንጠረዥና ግራፍ የሚሉን ነገር አለ?

ሁለት ነገር ብቻ። ግራፍ ላይ ያለው የስህተት መስመር ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ዳታው ከአማካዩ ምን ያህል እንደተበተነ) ይሁን ስታንዳርድ ኤረር (አማካዩ ራሱ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ) ይጻፍ። ስታንዳርድ ኤረር ሁልጊዜ ያንሳል፤ ሳይጻፍ ሲቀር ገምጋሚው አሳምረህ ልታሳየው የፈለግህ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ኤክሴል ነው። የጂን ስሞችን ወደ ቀን ይቀይር ነበር፤ «ማርች1» የተባለውን ጂን ማርች 1 ያደርገዋል። በ2016 የወጣ ጥናት የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ ጽሑፎች ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህሉ እንዲህ ያለ ስህተት እንዳለባቸው አሳየ። መጨረሻ ላይ የተሸነፉት ሳይንቲስቶቹ ናቸው። የጂን ስያሜ ኮሚቴው በ2020 ባወጣው መመሪያ ስሞቹ መቀየራቸውን አስታወቀ። ሰብሚት ከማድረጋችሁ በፊት ፋይሉን ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩት።

ጥያቄ፦ ውይይቱ ላይ ውጤቱን እየደገምኩ አስቸገረኝ።

የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ዋናውን ግኝት አንዴ በለው፣ ከዚያ ተወው። ቀጥሎ ካንተ ጋር የተስማሙትን ከመደርደር ይልቅ ያልተስማሙትን ፈልግና ለምን እንደተለያያችሁ አስረዳ። እዚያ ነው ውይይት የሚባለው።

የጥናቱ ውስንነት ላይ «ናሙናው አነስተኛ ነው» ብሎ ማለፍ ተለምዷል። የሚጠቅመው ውስንነቱ ውጤቱን ወዴት እንደሚገፋው መናገር ነው። ቅድም ባነሣነው ምሳሌ ስልክ የሌላቸው ታካሚዎች ጥናቱ ውስጥ አልገቡም እንበል። እንግዲያው ልዩነቱ ለታካሚው ሁሉ ይሠራል ማለት አንችልም፤ ቀጠሮ የመሳት ዕድላቸው የከበደው ምናልባት እነሱው ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ ገምጋሚው የሚለው ያጣል።

ጥያቄ፦ ኃላፊያችን ጽሑፉን ሳያዩት ስማቸው መጀመሪያ ላይ እንዲገባ ይፈልጋሉ። ምን ላድርግ?

ይህ በብዙዎች ላይ የደረሰ ስለሆነ በግልጽ ልናገር። የዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ኮሚቴ አራት መስፈርት አለው፤ አራቱም መሟላት አለባቸው። በጥናቱ ሐሳብ፣ ንድፍ፣ ዳታ ወይም ትንተና ላይ እውነተኛ አስተዋጽኦ ማድረግ፤ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ሁሉ ተጠያቂ ለመሆን መስማማት። ገንዘብ ማስገኘት ወይም ወንበር ላይ መቀመጥ ብቻውን ደራሲ አያደርግም፤ ቦታው የምስጋናው ክፍል ነው።

ይህን ፊት ለፊት መናገር ከባድ እንደሆነ አልጠፋኝም። መውጫው ረቂቁን ልኮ አስተያየታቸውን በአክብሮት መጠየቅ ነው፤ ካረሙትና በትንተናው ከተሳተፉ ይገባቸዋል። ብዙ ጆርናሎች የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ ስለሚያስጽፉ ቅጹን ለሁሉም መላክም ይረዳል። የስም ቅደም ተከተሉን ግን ሥራው ሲጀመር ተነጋገሩበት። ከመጨረሻ ላይ ጠብ መጀመሪያ ላይ ማፈር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጽሑፌን በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል ብልክስ?

አይቻልም። አንዱ መልስ እስኪሰጥ ወይም በጽሑፍ እስክታስወጣው ድረስ ጠብቅ።

ጥያቄ፦ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» የሚል ኢሜይል መጣልኝ፤ እኔ ገና ተማሪ ነኝ። በሳምንት እናትማለን ይላሉ።

መልሱን ራስሽ አውቀሽዋል። ጆርናሉ በክፍት ጆርናሎች ማውጫ፣ በዶአጅ፣ መመዝገቡን እዪ። ኤዲተር ተብለው ከተዘረዘሩት ለአንዱ ጻፊና በእርግጥ መሆናቸውን ጠይቂ። ክፍያው በግልጽ ካልተቀመጠ ሽሺ። ደህና የሆኑ ብዙ አሳታሚዎች አቅም ለሌለው ተመራማሪ ክፍያ ይቀንሳሉ ወይም ያነሣሉ፤ ጥያቄው የሚቀርበው ግን ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ ተቀባይነት ከማግኘቱ በፊት ነው።

ጥያቄ፦ ቻትጂፒቲን መጠቀም ክልክል ነው?

እንደየጆርናሉ ይለያያል፤ መመሪያውን አንብቡ። ቁርጥ ያለው ነገር ደራሲ ሆኖ መግባት አለመቻሉ ነው፤ ተጠያቂ ሊሆን አይችልምና። የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴውም ሆነ ቅድም የጠቀስኩት የኤዲተሮች ኮሚቴ በ2023 ይህንኑ ብለዋል፤ ከተጠቀማችሁም አሳውቁ ይላሉ። እንግሊዝኛ ለማቃናት ይረዳል። ማጣቀሻ እንዲያመጣላችሁ ግን አትጠይቁት፤ የሌለ ጽሑፍ ከነደራሲው ፈጥሮ ይሰጣል። ማጣቀሻ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ጽሑፍ ከፍታችሁ ያላያችሁት ከሆነ አትጥቀሱት።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው ገምጋሚ ጥናቴን ጨርሶ አልተረዳውም። ምን ብዬ ልመልስለት?

መጀመሪያ ምንም አይበሉ። ቁጣው እስኪበርድ አንድ ሁለት ቀን ይተዉት። ከዚያ አስተያየቶቹን አንድ በአንድ ገልብጠው ከእያንዳንዱ ሥር መልስዎን፣ ያረሙትን ዓረፍተ ነገርና የገጹንና የመስመሩን ቁጥር ያስቀምጡ። አንዱንም አይዝለሉ፤ ኤዲተሩ መጀመሪያ የሚያየው የተዘለለውን ነው። ገምጋሚው ካልገባው ሌላውም አንባቢ ላይገባው ይችላልና «አልተረዱትም» ከማለት «አገላለጻችን ግልጽ አልነበረም፤ እንዲህ አስተካክለነዋል» ማለት ይሻላል። ያልተስማሙበትን በምክንያት መቃወም መብትዎ ነው። ሁለቱ ገምጋሚዎች የሚጋጭ ነገር ከጠየቁ የመረጡትንና የመረጡበትን ምክንያት ለኤዲተሩ በግልጽ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ኮቨር ሌተር ላይ ምን ይጻፋል?

ግማሽ ገጽ ይበቃል። ምን እንዳገኛችሁ፣ የዚያ ጆርናል አንባቢ ለምን እንደሚፈልገው፣ ጽሑፉ ሌላ ቦታ እንዳልተላከ። ከላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስጻፍኳችሁን ግኝት እዚህ አምጡት። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ሪጀክት ያደረጋችሁን የበፊተኛውን ጆርናል ስም ከደብዳቤው ላይ አጥፉ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ኤዲተሮች ዘንድ እየደረሰ ነው።