ጅማ ላይ ለሚቃጠል የወይን ቅጠል ሩትስቶክ መቀየር ያዋጣል?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ሁለት ነው። ጅማ፣ ከኩሽናህ ጀርባ ያለው ወይን በየካቲት የቅጠሉ ጠርዝ እየተቃጠለ አስቸግሮሃል፤ ነቅዬ ድርቅና ጨው በሚችል ሩትስቶክ (የሥር ግንድ) ልተካው ወይ ትላለህ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ መቂ ላለው የወንድምህ መሬትስ ይሆናል ወይ ብለሃል። ባጭሩ፣ ለጅማው አትድከም። ለመቂው አስብበት፣ ግን ችግኝ ከመግዛትህ በፊት ውሃውን አስመርምር።

እኔ ጅማ ከመግባቴ በፊት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የወይን እርሻ ላይ ሠርቻለሁ። ሁለቱ አፈሮች ምንም አይገናኙም። አንዱ ላይ የሠራ ነገር ሌላው ላይ ጣጣ ያመጣል።

ሩትስቶክ ማለት ግራፍት በተደረገ፣ ማለትም የአንዱ ቅርንጫፍ በሌላው ሥር ላይ በተቀጠለ ተክል ላይ ከታች ያለው፣ ሥሩን የሚሰጠው ግንድ ነው። ወይን ላይ የተለመደው በድርቅ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ጀምሮ ፊሎክሴራ የምትባል፣ ሥር የምትመጥ ትንሽ ነፍሳት የፈረንሳይን ወይን ፈጀችው። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው የአውሮፓውን ወይን በአሜሪካ የዱር ወይን ሥር ላይ መቀጠል ነበር። የዱሮቹ ደግሞ ጠባያቸው እንደ አገራቸው ነው። ሪፓሪያ ወንዝ ዳር ስለለመደ ሥሩን ከላይ ከላይ ወደ ጎን ይዘረጋል። ሩፔስትሪስ ጠጠር ላይ ያደገ ስለሆነ ቁልቁል ይሰዳል። በርላንዲየሪ የቴክሳስን የኖራ ድንጋይ ኮረብታ የቻለ ነው። ዛሬ ድርቅ ይችላሉ የሚባሉት 110 ሪችተር፣ 140 ሩጄሪ እና 1103 ፖልሰን ሦስቱም የሩፔስትሪስና የበርላንዲየሪ ዲቃላዎች ናቸው። ሪፓሪያ ያለበት 101-14 ግን ውሃ ሲያጥር ቶሎ ይጨነቃል።

ነገሩ የሥር ጥልቀት ብቻ አይደለም። አፈሩ ሲደርቅ ሥሩ አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ወደ ላይ ይልካል፤ ቅጠሉም ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ውሃውን ይቆጥባል። አንዱ ሩትስቶክ ቶሎ ያዘጋል፣ ሌላው ይዘገያል። ደግሞም ከታች ድንጋይ ወይም የጠጠረ አፈር ካለ ቁልቁል የሚሰደው ሥርም የትም አይደርስም።

ጨው ሌላ ጉዳይ ነው። ጉዳቱም ሁለት ዓይነት ነው። መጀመሪያ ውሃውን አፈሩ ላይ ይይዘዋል፤ ተክሉ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ይጠማል። ቀጥሎ ክሎራይድና ሶዲየም ከውሃው ጋር ወደ ላይ ይወጣሉ። ውሃው በቅጠሉ በኩል ተኖ ሲሄድ እነሱ ይቀራሉ፤ ጠርዙ ላይ ይጠራቀሙና ያቃጥላሉ። ጥሩ ሩትስቶክ ጨውን አያጠፋም፤ ክሎራይዱን ሥሩ ላይ ያስቀረዋል እንጂ። በዚህ ራምሴ የሚባለው ሩትስቶክ እና 140 ሩጄሪ የታወቁ ናቸው። 110 ሪችተር ለድርቅ ጎበዝ ነው፣ ለጨው ግን የነሱን ያህል አይደለም። ስለዚህ አንድ ነጋዴ «ድርቅም ጨውም የሚችል» ብሎ ስም ሳይጠራ ቢሸጥልህ ቁጥሩን ጠይቀው። ካላወቀ እለፈው።

አሁን ወደ ጅማ። እዚህ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል። ጨው ይህን ሁሉ ዝናብ ችሎ አይቆይም፤ ታጥቦ ይወርዳል። ቀዩ አፈራችን የሚታማው በአሲዳማነቱ ነው። ታዲያ ቅጠሉ ለምን ይቃጠላል? ከኩሽና ጀርባ ስትል እኔ የጠረጠርኩት የዕቃ ማጠቢያውን ውሃ ነው። የወጥ ጨው አለበት። ሳሙናውና ኦሞው ደግሞ ሶዲየም አለባቸው። በበጋ የሚያጥበው ዝናብ ስለሌለ እየተጠራቀመ ሄዶ በየካቲት ያሳብቃል። ከግንዱ ሥር ያለውን አፈር ጫር ጫር አድርገህ እየው። ደርቆ ነጣ ያለ ቅርፊት ከያዘ፣ ንጹሕ ውሃ ስታፈስበትም ሳይሰርግ ከላይ ከተኛ፣ ነገሩ እሱ ነው። ዩሪያ ግንዱ ሥር ከከመርክም ያው ነው፣ ያቃጥላል። ሁለቱም ከሌሉ የፖታሲየም እጥረት ሊሆን ይችላል። እሱም ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ጠርዝ ይጀምራል። የአፈር ምርመራ ይለየዋል፤ የዩኒቨርሲቲውን ግብርና ኮሌጅ ወይም መልኮ ያለውን የምርምር ማዕከል ጠይቅ።

የማጠቢያውን ውሃ ወደ ሌላ ቦታ አዙር። የሰነበተ የቡና ገለባ ጉዝጓዝ አድርግለት፣ ግንዱን ሳይነካ። በበጋ በየቀኑ ጠብ ከማድረግ አልፎ አልፎ ጠገብ አድርገህ አጠጣ።

ራምሴን ወይም 140 ሩጄሪን ጅማ ብትተክል ምን ይሆናል? ሁለቱም ጉልበተኛ ናቸው። ለድሃ አሸዋ የተፈጠረ ጉልበት ለም መሬትና ዝናብ ሲያገኝ ቅጠል በቅጠል ይሆናል። ውስጡ አየር አያገኝም፣ በክረምት ሻጋታው ይወርሰዋል፣ ፍሬውም ይቀንሳል። የጎረቤት ወይን ቆርጠህ በራሱ ሥር የተከልከው ለዚህ ግቢ ምንም አይወጣለትም።

መቂ ግን ዝናቡ አነስተኛ፣ መስኖው የግድ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ኢሲው (የጨዋማነቱ ልክ)፣ ሶዲየሙና ክሎራይዱ ይለካ። አፈሩም ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ጥልቀት ይወሰድ። ወይን የአፈሩ ጨዋማነት ከ1.5 ዴሲሲመንስ በሜትር (የኢሲ መለኪያ ነው) ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል ይባላል። ከዚያ በታች ከሆናችሁ ስለ ጨው አትጨነቁ፤ ለድርቁ 110 ሪችተር ወይም 1103 ፖልሰን ይበቃል። ካለፈ 140 ሩጄሪን ወይም ራምሴን ፈልጉ። ሶዲየሙ ከበዛና አፈሩ ከተዘጋ መጀመሪያ ጂፕሰም፣ ካልሲየም ያለው ማዕድን፣ መጨመር ነው። የጠብታ መስኖ ላይ ጨው እርጥበቱ የሚያበቃበት ዳር ላይ ነጭ ክብ ሠርቶ ይታያል። እሱን ገፍቶ የሚያወርድ ትርፍ ውሃ አልፎ አልፎ ካልተለቀቀ ሩትስቶኩ ብቻውን አይዘልቅም። አውስትራሊያ ውስጥ ለዓመታት ጨዋማ ውሃ በጠጣ ወይን ላይ የአንዳንዶቹ፣ 1103 ፖልሰንን ጨምሮ፣ ክሎራይድ የማስቀረት አቅም እየደከመ መሄዱ ታይቷል።

አንድ ነገር ለወንድምህ ንገረው። ሲተክል ግራፍት የተደረገበት እብጠት ከአፈር በላይ ይሁን። ከተቀበረ የላይኛው ወይን የራሱን ሥር ያወጣል፣ የገዛው ሩትስቶክም ከንቱ ይቀራል። ከእብጠቱ በታች የሚያቆጠቁጠውን ደግሞ ገና ለስላሳ ሳለ በእጁ ይንጨው።