መልስ፦ አዮዋ ወይስ ስታንፎርድ?

ቤት የማስተምረውን ልጄን ከአዮዋና ከስታንፎርድ 10 የትኛውን ላስፈትነው ብለሽ ጠይቀሻል፤ ሁለቱም የአሜሪካ ተማሪዎች የትምህርት ደረጃ የሚለካባቸው ፈተናዎች ናቸው። ልጅሽ ቀስ ብሎ የሚያነብ ከሆነ ስታንፎርድ 10ን ምረጪ። ካዛንቺስ ሆነሽ በአሜሪካ ሥርዓተ ትምህርት 3ኛ ክፍል እያስተማርሽው ስለሆነ ሁለቱም ፈተናዎች ይሆኑታል፤ ልዩነታቸው ሰዓቱ ላይ ነው። በዚህ ደረጃ አዮዋ በደቂቃ የተገደበ ነው፤ ልጁ የሚያውቀው ጥያቄ ላይ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቅበታል። ስታንፎርድ 10 ግን አይገደብም።

በኢንተርኔት ፈታኝ እያየው የሚፈተን ከሆነ የሰዓት ልዩነቱን አስቢ፤ በእኛ ክረምት ኒውዮርክ በእነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ ዘጠኝ ሲል እዚህ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፣ ልጅ የሚደክምበት። መብራትም ሊሄድ ይችላል፤ ላፕቶፑን ሞልተሽ፣ የስልክ ዳታ አዘጋጅተሽ ጠብቂ።

ውጤቱ ላይ 60 ፐርሰንታይል ካየሽ አትደንግጪ፤ ከመቶ 60 አገኘ ማለት አይደለም። በእኩል ክፍል ካሉ 100 የአሜሪካ ልጆች ከ60 ያህሉ ይበልጣል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ የግድግዳ ሰዓት ሥዕል አሳይተሽ ጠይቂው። አጭሩ ዘንግ 9 ላይ ሆኖ "ሦስት ሰዓት" ካለ በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው፣ በፈተናው ግን ስህተት ይሆንበታል። የርዝመት መለኪያዎቹን ኢንችና ፊት፣ የአሜሪካን ባለ 25 ሳንቲሙን ኳርተርና ባለ 10 ሳንቲሙን ዳይም ጨምረሽ ሁለት ሳምንት አለማምጂው፤ ሂሳብ እያወቀ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው።