ሴቷ ክላውንፊሽ አዲሱን ባል ነከሰችው፣ ይላመዱ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። የምኖረው እስራኤል፣ አሽቀሎን ነው። ልጆቼ የሚወዷቸው ኦሴላሪስ የሚባለው ዝርያ ሁለት ክላውንፊሾች (ብርቱካናማ ሆነው ነጭ ቀለበት ያላቸው ትንንሽ የባሕር ዓሣዎች) ነበሩን፣ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። ትንሹ ባለፈው ሌሊት ላይ ዘሎ ወጥቶ ጠዋት ከአኳሪየሙ ጀርባ ደርቆ አገኘነው። ትልቋ ብቻዋን ስትቀር አሳዘነችኝና እኩያዋ የሚሆን ገዝቼ ብለቅባት አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ክንፉን ቀደደችው። አሁን በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ለይቼዋለሁ። ትንሽ ቢቆዩ ይላመዱ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ጋ የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛው የቆሮሶና የአምባዛ ኩሬ ነው፣ የሳሎን ዓሣ ሲመጣ ደስ አለኝ። መልሱን መጀመሪያ ልንገርሽና አይላመዱም፣ ሱቁ ከተቀበለሽ መልሺው።

ችግሩ ያለው ‹‹እኩያዋ›› ያልሽው ላይ ነው። ክላውንፊሽ ሴት ሆኖ የሚፈለፈል የለም። አብረው ከሚኖሩት ውስጥ ትልቁና ጉልበተኛው ሴት ይሆናል፣ ሁለተኛው ወንድ ይሆናል፣ ከነሱ በታች ያሉት ደግሞ እድገታቸውን ገተው ተራ ይጠብቃሉ። ሴቷ ከሞተች ባልየው ራሱ ሴት ይሆንና ከታች ያለው ከፍ ብሎ ባል ይሆናል። እኛ ቆሮሶን ወንድ ብቻ ለማድረግ ለጫጩቶቹ ሆርሞን ከመኖ ጋር ቀላቅለን ሦስት አራት ሳምንት እናበላለን፣ እነዚህ ግን ማንም ሳይነካቸው በደረጃ ብቻ ይቀየራሉ፣ እኔን እስከዛሬ ይገርመኛል። አንዴ ሴት የሆነ ግን ወደ ወንድነት አይመለስም። ያመጣሽው ትልቅ ዓሣ በሱቁ ገንዳ ውስጥ አለቃ ሆኖ የኖረ ከሆነ ሴት ሆኖ ይሆናል፣ ሁለት ሴት ደግሞ አንድ ቤት ውስጥ አንዷ እስክትሞት ነው የሚዋጉት።

ይሄ የሳሎን ወሬ አይደለም፣ እዛው ኢላት ባሕር ውስጥ በሁለት ነጭ ቀለበት የሚታወቀው የቀይ ባሕሩ ክላውንፊሽም እንደዚሁ ነው የሚኖረው፣ ሐንስና ሲሞን ፍሪክ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለዚሁ ጽፈዋል። ልጆቹን ይዘሽ ስትወርጂ አሳያቸው፣ ግን ከዛ ይዘሽ እንዳትመጪ፣ ማውጣቱ ክልክል ነው፣ ደግሞም ዝርያው ሌላ ነው ካንቺዋ ጋር አይሆንም።

ስለዚህ የምትፈልጊው ትንሽ፣ ገና ጾታው ያልለየ ኦሴላሪስ ነው። ያንቺዋ ሰባት ስምንት ሳንቲ ከሆነች እሱ ሦስት ሳንቲ ቢሆን በቂ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ብዙ ካሉ ደግሞ ሲያባርር የሚታየውን ትተሽ የሚባረረውን ምረጪ። ከባሕር ከተያዘ ይልቅ በእርባታ የተፈለፈለ ውሰጂ፣ በሽታ ይቀንሳል። በነገራችን ላይ የሞተችው ትልቋ ሆና ትንሹ ቢቀርም ምክሬ ያው ነበር፣ ምክንያቱም እሱ ራሱ ሴት ወደመሆን ስለሚሄድ ከሱ የሚያንስ ነው የሚገባለት።

ደግሞ አትቸኩይ። በብቸኝነት አትሞትም፣ እየበላች ከሆነ ምንም አትሆንም፣ ያሳዘነችው አንቺን ነው እንጂ እሷስ ቤቱ የኔ ነው ብላ ነው የተቀመጠችው። አዲሱን መጀመሪያ ለአራት ሳምንት ያህል በሌላ አርባ ሊትር በሚሆን ገንዳ ለብቻው አቆዪው፣ ስፖንጅ ፊልተር (የውሃ ማጣሪያ)፣ ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) እና የሚደበቅበት የቧንቧ ቁራጭ ይበቃዋል። ብሩክሊኔላ የሚባል በሽታ አለ፣ ክላውንፊሽን በጣም ይወዳል፣ ቆዳው ላይ ነጭ ንፍጥ የመሰለ ነገር ይላጣል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ አንዳንዴ በቀናት ውስጥ ይገድላል። እሱን ከገባ በኋላ ከማከም ሳይገባ ማየት ይሻላል።

መግቢያው ላይ ነው ዋናው ሥራ። ዶሮ አርብተሽ ካወቅሽ አዲስ ቄብ ከመንጋው ጋር የምትቀላቀለው ማታ ነው አይደል፣ ቆጥ ላይ ሲያንቀላፉ? እዚህም እንደዛ ነው። በፊት ድንጋዮቹን አንሺና ቦታ ቀያይሪ፣ ይሄ የእሷ ክልል ነው ያለችው እንዲጠፋባት። ከዛ መብራት አጥፍተሽ ትንሹን ቀዳዳ ባለው ግልጽ ሳጥን ውስጥ አድርገሽ እሷው ገንዳ ውስጥ ስቀዪው፣ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን። ሁለቱንም በተመሳሳይ ሰዓት አብያቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መስታወቱን በአፏ ትደበድባለች፣ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅም ልትሰሚ ትችያለሽ፣ አትደንግጪ። የምትጠብቂው ነገር ትንሹ ወደ ጎን ጋደል ብሎ ሰውነቱን ሲያርገፈግፍ ነው፣ የበሽታ እንዳይመስልሽ፣ እሺ እመቤቴ ማለቱ ነው። እሱ እያርገፈገፈ እሷ ትታው ከሄደች ልቀቂው።

ከለቀቅሽው በኋላም ታባርረዋለች፣ ጫፉን ነከስ ታደርገዋለች፣ እሱ ያርገፈግፍና ያበቃል፣ ይሄ ጤነኛ ጋብቻ ነው። ክንፉ ከተቀደደ፣ ሂተሩ ጀርባ ጥግ ይዞ ከቀረና ምግብ ላይ ካልመጣ ግን ወደ ሳጥኑ መልሰሽ ሌላ ሳምንት ጨምሪ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረሽ እምቢ ካለች ሌላ ትንሽ መሞከር ነው፣ ሰው የማትቀበል ሴት አለች። አንዱ ቢባረር ሌላው ይቀራል ብለሽ ሁለት እንዳትገዢ፣ ሦስተኛው አብዛኛውን ጊዜ እየተባረረ ይጎዳል።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቁስለኛ ሱቁ ካልተቀበለሽ በሌላ ገንዳ ይቆይ፣ ውሃው ንጹህ ከሆነ ክንፉ ራሱ ይበቅላል። ለአሁኑ ግን ትንሹን ከማምጣትሽ በፊት ክዳኑ ላይ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ ወጥሪ፣ የሂተሩ ገመድ የሚገባበትን ክፍተት ጭምር፣ ሲሳደድ የሚዘለው በዛች በኩል ነው።