ማዘርቦርዱ ነው ከመባሉ በፊት ራሙን ይዩት

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቼ 3 ዓመት ሠርቼበታለሁ። ከአንድ ወር ወዲህ ግን እየጻፍኩ ድንገት ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። አንዳንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ጢጥ ጢጥ ይላል እንጂ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ሰዓቱም ወደ ኋላ እየተመለሰ አስቸግሮኛል። ያሳየሁት ባለሙያ ከፍቶ እንኳ ሳያየው «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» አለኝ። የጠየቀኝ ገንዘብ የ2 ወር የቤት ኪራዬ ነው። እውነት ተቃጥሎ ይሆን? በምን ላውቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማዘርቦርድ የኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ ነው፤ እሱ የተቃጠለበት ኮምፒውተር በአብዛኛው ጭራሽ አይነሳም። የእርስዎ ግን ተነስቶ እያሠራዎት ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ለጊዜው አይክፈሉ።

ምንም ከመንካትዎ በፊት ፋይሎችዎን ይገልብጡ። ዛሬውኑ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ተማሪ ላፕቶፕ አምጥታልኝ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏ ውስጡ ነው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል። እኔ ፋይሉን ሳላወጣ ምርመራ ጀመርኩ፤ ምርመራው ሳያልቅ ዲስኩ ሞተ። የ6 ወር ልፋቷ እዚያው ቀረ። ፊቷ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። የደንበኞችዎ ሲቪ፣ ውል፣ ማመልከቻ ሁሉ ፍላሽ ወይም ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ይግባ። ከዚያ በኋላ እንነጋገር።

ኮምፒውተር ሲበራ ዊንዶውስ ከመምጣቱ በፊት ራሱን ይፈትሻል። ችግሩን ስክሪን ላይ ማሳየት ካልቻለ በድምፅ ይናገራል። ጢጥ እያለ ምስል ሲከለክል መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሙን ነው፤ ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበትን ክፍል ማለቴ ነው። ሰማያዊው ስክሪንም በተለያየ ሰዓት፣ በተለያየ ሥራ ላይ የሚመጣ ከሆነ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል።

ሶኬቱን ይንቀሉ። ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። ኬዙን ከፍተው እጅዎን ብረቱን ያስነኩ። ራሙ ረጅምና ቀጭን ካርድ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለውን መያዣ ወደ ውጭ ሲገፉት ይለቃል። ከታች ወርቃማ ጥርሶች አሉት። የአዳማ አቧራ እዚያ ላይ ተጣብቆ እንደሚያገኙት እገምታለሁ። ጥርሶቹን በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ ብለው ይሹ፤ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ። ማስገቢያውንም በደረቅ ብሩሽ ብቻ ይጥረጉ። ሲመልሱት ቀጭ እስኪል ይጫኑት። በዚህ ብቻ የዳነ ብዙ ኮምፒውተር በእጄ አልፏል።

ሁለት ራም ካለው አንዱን አውጥተው በሌላው ብቻ አንድ ሁለት ቀን ይሥሩ፤ ከዚያ ይቀያይሯቸው። በአንደኛው ደህና ሠርቶ በሌላው ከታመመ፣ በሽተኛው ተገኘ። ደህናው ራም አንዱ ማስገቢያ ላይ ብቻ እምቢ ካለ ግን ያኔ ማዘርቦርዱን መጠርጠር ይቻላል። ዊንዶውስም የራሱ መፈተሻ አለው። ስታርት ላይ «ሜሞሪ» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ፤ ዊንዶውስ ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ ይመጣል። ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳና ይፈትሻል። አንድም ስህተት ካገኘ ቀላል ነገር አይደለም።

ለዲስኩ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሰማያዊ ካሳየ ደህና ነው፣ ቢጫ ከሆነ አዲስ ዲስክ ይፈልጉ፣ ቀይ ከሆነ አንድ ቀን አያሳድሩት።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። ማሽኑ ሰማያዊ ስክሪን ሳያሳይ ድርግም ብሎ የሚጠፋበት ጊዜስ አለ? ካለ ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ወይ ሙቀት ወይ የኤሌክትሪክ ነገር። ፎቶ ኮፒውና ኮምፒውተሩ አንድ ዲቫይደር ላይ ከተሰኩ ዛሬውኑ ይለያዩዋቸው። ፎቶ ኮፒ ማሽን ወረቀቱ ላይ ቀለሙን የሚያጣብቀው በሙቀት ነው፤ ሲሞቅ ብዙ ኃይል በአንዴ ይስባል፣ ኮምፒውተሩ ጋር የሚደርሰው ቮልቴጅ ይወርዳል። ፋኑንም ያጽዱ። በብሎወር ሲነፉት ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይያዙት። የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚሰካበትን፣ ለውስጥ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ ፓወር ሳፕላይውን ግን በፍጹም አይክፈቱ። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ የሚቆይ ኤሌክትሪክ ሰው ይጎዳል።

ሰዓቱ አያስጨንቅዎት። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምትመስል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ላይዋ 2032 የሚል ቁጥር አለ። አልቃለች። ርካሽ ናት፣ ይቀይሯት።

ይህን ሁሉ ሞክረው ካልሆነ ወደ ባለሙያ ይሂዱ፤ ሌላ ባለሙያ ቢሆን ይሻላል። ማዘርቦርድ ነው ካለዎት ደህና በሆነ ሌላ ራምና በሌላ ፓወር ሳፕላይ ዓይንዎ እያየ ይሞክረው። በእነዚያም እምቢ ካለ ያኔ ይመኑት። ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው።

እስከዚያው ጠዋት ጢጥ ሲል ይቁጠሩልኝ። ስንት ጊዜ ነው? ረጅም ነው አጭር? ትርጉሙ እንደ ማዘርቦርዱ ዓይነት ይለያያል፤ ስለዚህ ቦርዱ ላይ የተጻፈውን ስምና ቁጥርም በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።